ጥድ በር ላይ ያልቆመው አውቶቡስ

ዝናብ ሲዘንብ ሱቄ በር ላይ የሚቆም አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አለ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ሻይ ሊጠጣ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ የናፍጣው ጭስ ከረጠበው አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ውስጠኛው መደርደሪያ ድረስ ይዘልቃል። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ ለሚነግድ ሰው የናፍጣ ሽታ ብርቁ አይደለም። እኔ ግን ናፍጣና ዝናብ አንድ ላይ ሲሸተኝ መጀመሪያ ምራቄ ይመጣል፤ የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ ያምረኛል፤ ቀጥሎ ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለፈው ነሐሴም እንዲሁ ጥርሴን ነክሼ ዕቃ ስደረድር ስልኬ ጠራ። ደብረ ታቦር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ነበረች።

«ሾፌር ባዘዘው አረፈ» አለችኝ። «ትናንት ቀበርነው።»

ደስ አለኝ። እዚህ ላይ መዋሸት ምን ያደርግልኛል? ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» ማለት ወግ ነውና ብያለሁ፤ ቃሉ ግን ከከንፈሬ ወጣ እንጂ ከሆዴ አልወጣም። ለእናቴ ልነግራት ወደ ጓዳ ስገባ እግሬ የምሥራች እንደያዘ ሰው ይፈጥን ነበር።

ይህ ሰው የገደለው ሰው የለም። የሰረቀው ከብት፣ የገፋው የመሬት ድንበር የለም። ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ቀን መኪናውን አለማቆሙ ነው፤ ከዚያም በኋላ ከቶ አለማቆሙ። ለዚህ ብሎ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቂም ይይዛል ወይ ለሚለኝ፣ ጥድ በር ምን እንደነበረች ልንገረው።

ጥድ በርን ዛሬ ብትፈልጓት አታገኟትም። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ሲመጣ፣ በጉና ብርድ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አንድ ቦታ ላይ በሁለት ኮረብቶች መካከል ይሾልካል። እዚያ ነበረች፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የጭቃ ቤቶች፣ ከኋላቸው የገብስና የድንች ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ የመድኃኔ ዓለም ደብር ከነጥዶቹ። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው፤ አውቶቡሱም አንድ። ጎህ ሲቀድ ከባሕር ዳር ተነስቶ በምሳ ሰዓት እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ንፋስ መውጫ አድሮ በማግስቱ ይመለሳል። ከመንደሩ በታች ካለችው መታጠፊያ ሲደርስ ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል። ያን ጊዜ እናቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ባለሱቁ ይማም ከደጁ የሰቀለውን ጨርቅ አቧራ ያራግፋል፤ ጠላ ሻጯ ብርጭቆዋን ታለቀልቃለች፤ እኛ ልጆች ደግሞ እንቁላላችንን በቅርጫት፣ ሚጥሚጣችንን በወረቀት ጠቅልለን ወደ መስኮቶቹ እንሮጣለን። እኔ የምሻማው ለመካከለኞቹ መስኮቶች ነበር። ከፊት የሚቀመጡት ሹሞች ስለሆኑ ይከራከራሉ፤ ከኋላ የሚቀመጡት አቧራው አድክሟቸው ይተኛሉ፤ መካከል ላይ ያለው ሰው ግን ይርበዋል።

ጥድ በር የምትበላውን የምታገኘው ከመሬቷ ነበር። የምትለብሰውን፣ ልጆቿን የምታስተምርበትን፣ የቤቷን ሣር በቆርቆሮ የምትቀይርበትን ግን የምታገኘው ከዚያች የምሳ ሰዓት ነበር። ድንቹ፣ ማሩ፣ እግሩ የታሰረው ዶሮ ሁሉ ጣሪያው ላይ ተጭኖ ይሄዳል፤ ይማም ያዘዘው ጨው፣ ባትሪ፣ የተማሪ ደብተር ከዚያው ጣሪያ ይወርዳል። ወሬም እንደ ዕቃ በአውቶቡሱ ነበር የሚመጣ። «ልጅሽ ፈተናውን አልፏል ብሎሻል»፣ «እህትህ ወንድ ወለደች»፣ «የሐኪም ቤቱ ወረፋ ለማክሰኞ ነው» እየተባለ በመስኮት ይወረወራል። ከሁሉ የሚበልጠው ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ የሚጮኸው ነበር፤ ደብረ ታቦር ላይ ገብስ ስንት እንደዋለ፣ ድንች ስንት እንደገባ። ገበሬው ያንን ሰምቶ ነው ጆንያውን የሚፈታው ወይም መልሶ የሚያስረው። ስልክ በሌለበት አገር ስልካችን፣ ጋዜጣ በሌለበት አገር ጋዜጣችን አንድ አውቶቡስ ነበር፤ መሪው ደግሞ የተያዘው በአንድ ሰው እጅ ነበር።

ያ ሰው ባዘዘው ነው። እናቴ አንቱ ትለው ነበር፤ እኔ እዚህ ላይ አንቱ አልለውም። አንገቱ ወፍራም፣ አንገቱም ላይ ነጭ ፎጣ የማይለየው፣ ሲራመድ የመኪና ቁልፉን እንደ ቃጭል የሚያንቃጭል ሰው ነበር። እንደ ስሙ ያዘዘው ይሆንለታል። ሲገባ ሽማግሌ ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሳል። የሾፌር ምሳ አይከፈልም፤ ይህ የትም አገር ያለ ሕግ ነው። ስለዚህ እናቴ ከውስጠኛው ክፍል፣ ነጭ ጨርቅ ካለበት መሶብ፣ በፍስኩ ቀይ ወጡን፣ በጾሙ ክኩን ታቀርብለታለች። እናቴን አንጓችን ሰው የሚያውቃት በዚያ የባቄላ ክክ ወጧ ነበር። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ እኔንም ቤቱንም ያሳደገው ያ ወጥ ነው ማለት ይቻላል። ምን እንደምትጨምርበት ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም፤ «እጅ ነው» ትላለች።

ነገሩ የተበላሸው በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ሽማግሌ መምህር ምክንያት ነው። የኔታ ከጋይንት ቤተ ልሔም ነበሩ፤ ድጓ ሲያስተምሩ ዓይናቸው ደክሞ፣ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ታይተው በአውቶቡሱ ይመለሳሉ። ዓይናቸው ስለማያይ እንጀራውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ ቅዱስ ነገር እያከበሩ ነው የሚበሉት። ሌላው ተሳፋሪ ጨርሶ ወጥቷል። ባዘዘው ከውስጥ ክፍል ጥርሱን እየፋቀ ወጣ፤ መኪናው ላይ ተሰቀለ፤ ጡሩንባውን ነፋ። አሁንም ነፋ። የኔታ ደንግጠው እጃቸውን ከመሶቡ ሊያነሱ ሲሉ እናቴ ትከሻቸውን ያዘችና «ይብሉ፣ አይነሱ» አለቻቸው። ከዚያ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ አውቶቡሱ ፊት ቆመች።

«ዞር በይ ከመንገድ!» አለ ባዘዘው በመስኮት ብቅ ብሎ።

«የኔታ ምሳቸውን አልጨረሱም።»

«ሰዓት አለብኝ እኮ፣ ሴትዮ!»

«አንቱ ሲበሉ ማን አጣደፈዎ?» አለች እናቴ፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እጅዎን ሁለቴ ሲታጠቡ፣ ጥርስዎን ሲፍቁ፣ ይህ ሁሉ ሰው በፀሐይ ቆሞ ሲጠብቅዎ አልነበረም?»

ከኋላ ወንበር አንዱ «እውነቷን ነው! የሱ ሆድ ሰዓት አያውቅም!» ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። በዚህ መሐል የኔታ ማዕዱን ባርከው፣ በተማሪያቸው ተመርተው፣ በጣም በቀስታ መጡ። በጸሎታቸው ላይ ስለነበሩ ምን እንደተባለም ለምን እንደተሳቀም አላወቁም። ደረጃውን ወጥተው ሲጨርሱ ወደ ሾፌሩ ወንበር ዞረው እጃቸውን ዘረጉና «እግዜር ይባርክህ፣ ልጄ፤ እንዳንተ ያለ ታጋሽ ሾፌር አይቼ አላውቅም» አሉት።

እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሰው ወንበር እየደበደበ ሳቀ፤ ይማም ጨርቁን ጥሎ ሳቀ፤ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም እንቁላሌን አቅፌ ሳቅሁ። ያልሳቀው ባዘዘው ብቻ ነበር። ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ በዝግታ «ይችን መንደር ከተማ ያደረግኋት እኔ ነኝ። እንግዲህ ያለ እኔ ሁኑ» አላት። እናቴ ቁጣ መሰላት። ቁጣ ደግሞ ያልፋል።

በሚቀጥለው ጉዞው ከመታጠፊያዋ ጡሩንባው ተሰማ። እንደ ወትሮው ሮጠን ወጣን። አውቶቡሱ መጣ፤ ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ እግራችንን መታን፤ የተሳፋሪዎቹ ፊት በመስኮቱ ውስጥ እንደ ጎርፍ አለፈ፤ አቧራው ሲገለጥ መንገዱ ባዶ ነበር። «ረስቶ ነው» ያሉ ነበሩ። ሰው ምሳውን ይረሳል? በማግስቱም በመልሱ እንዲሁ አለፈ። ወሬው ዘግይቶ ደረሰን፤ ቀይ አፈር በምትባለው ቀጣይዋ መንደር አንድ ባለጠጋ በቆርቆሮ የተሠራ ምግብ ቤት ከፍቶ ኖሯል፤ ለሾፌሩም ምሳ ብቻ ሳይሆን አልጋም አሰናድቶለታል።

የመንደሩ ሰው እናቴን ወቀሰ። ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው «አንጓች፣ ላንቺ ስትይ አይደለም፣ ለእኛ ስትይ እግሩ ላይ ውደቂ» አሏት። እናቴ ኩሩ ናት፤ ግን የጎረቤት እንባ ከኩራቷ በለጠባት። በአገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። እናቴ ክክ ወጧን በትልቁ ድስት አዘጋጀች፤ እኔ እንጀራውን ይዤ፣ ቀይ አፈር ድረስ በእግራችን ሄድን። እዚያ በቆርቆሮው ቤት ደጅ፣ አዲሶቹ እንቁላል ሻጭ ልጆች እያዩ፣ እናቴ ድንጋይ አንስታ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ፊቱ አጎነበሰች። «አጥፍቻለሁ፤ ይማሩኝ» አለች። ያላጠፋችውን።

ባዘዘው ድንጋዩን አላወረደላትም። ድስቱን ከፈተ። አሸተተ። ከዚያ የቆርቆሮውን ቤት ምሳ ወደ ጎን ገፍቶ፣ የእናቴን ወጥ በእናቴ እንጀራ ድስቱ እስኪጠረግ በላ። እሷ ያን ጊዜ ሁሉ ድንጋዩን እንደተሸከመች ነበረች። እጁን በፎጣው ጠረገና «ምሳው ጥሩ ነበር» አለ። መኪናው ላይ ወጣ፤ ሄደ። በነጋታው ጥድ በርን ሲያልፍ ጡሩንባውን ከመታጠፊያዋ ጀምሮ እስከ ደብሩ ድረስ አላቋረጠም።

ጥላቻ ምን እንደሆነ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ፊደል ሳልጨርስ እሱን ጨረስኩ።

መንደር በአንድ ቀን አትሞትም። በመጀመሪያ እንቁላሉ ቤት ውስጥ ቀረ፤ እስኪሰለቸን በላነው። ድንቹ ጣሪያ የሚጭነው ስላጣ ጉድጓዱ ውስጥ በቀለ። ቀጥሎ ዋጋ የሚነግረን ጠፋ። በአህያ የሚመጡ ነጋዴዎች «ደብረ ታቦር ላይ ገብስ ወድቋል» ይሉናል፤ ወድቆ ይሁን ተነስቶ በምን እናውቃለን? የሰጡንን ተቀበልን። ሐኪም ቤት መድረስ የነበረበት ሰው የባህል መድኃኒት ጠጣ። ይማም ለረጅም ጊዜ ታገሰ። ጨውና ባትሪውን ከቀይ አፈር በትከሻው እየተሸከመ አመጣ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት በሩን ቆልፎ መጣና እናቴን «እታለም፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መንገደኛ ካለበት ካልሆንኩ ምን ልሁን? አትቀየሚኝ» አላት። አልተቀየመችውም። ቂሟን ለሌላ ሰው አስቀምጣው ነበር።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ጉና ላይ የሐምሌ ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ሰማዩ ባልዲውን ይዞ መሬት ድረስ የወረደ ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ ከመታጠፊያዋ አንድ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ዝምታ። አውቶቡሱ የኋላ እግሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ባሌስትራው ተሰብሮ ቆመ። በስንት ጊዜው ጥድ በር ላይ ቆመ!

ተሳፋሪው እየራሰ፣ ልጆቹን አዝሎ ዳገቱን ወጣ። የመንደሩ ሰው በየበሩ ቆሞ ያያል። አንድ ሽማግሌ «ይለፉ! እኛን ሲያልፉን ማን አዘነልን?» አለ። እናቴ «መንገደኛው ምን አደረገ? መሪ አልያዘ» ብላ እሳቷን አቀጣጠለች፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተች። ሁሉንም አስገባች። እርጥብ ጋቢያቸውን በእሳቱ ዙሪያ ሰቀለች፤ ሕፃናቱን ከመደቡ ላይ አስቀመጠች፤ ከቤቷ የቀረውን ገብስና ክክ አውጥታ ሠራች። ቤታችን እንደ ድሮው በሰው ትንፋሽ ሞቀ። ቅርጫቴን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ ረስቼው ስለነበር ስፈልግ ቆየሁ።

ባዘዘው በመጨረሻ መጣ። ነጭ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ውኃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። «አንጓች፣ እንደምን ዋልሽ?» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ደህና» አለች። «አንተስ?»

ያ ሰው ከእኛ መንደር አፍ አንተ ተብሎ አያውቅም። በዕድሜ የሚበልጣትን ሰው አንቱታውን ስትነፍገው ከዱላ ይልቅ እንደጠዘጠዘው ፊቱ ላይ አየሁ።

«ቤቱ ሞልቷል» አለችው። «ምሳህ ቀይ አፈር ነው።»

ቀይ አፈር በዚያ ዝናብ በእግር አይደረስም። አንዱ ተሳፋሪ «ኧረ እታለም፣ ነፍስ ነው» ሊል ጀምሮ፣ ጎረቤታችን ስለ ድንጋዩ በጆሮው ስትነግረው አፉን ዘጋ። ረዳቱ በልቶ ሲጨርስ ከጋቢው ሥር እንጀራ ሊሸሽግ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው። «ለራስህ የፈለግኸውን ያህል ብላ፤ ከዚህ በር ግን ይዘህ አትወጣም።» ባዘዘው ተመልሶ ወርዶ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጠ።

እኔ ቅርጫቴን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት እንቁላል አስቀቅዬ፣ ሚጥሚጣዬን ጠቅልዬ፣ ማዳበሪያ ተከናንቤ ወረድኩ። የናፍጣው ሽታ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ መታጠፊያዋን ሞልቷታል። የሾፌሩን መስኮት አንኳኳሁ። መስተዋቱን አወረደ።

«ተባረኪ፣ የአንጓች ልጅ» አለ። «ሁለቱንም አምጭልኝ።» እጁንም ከነገንዘቡ ዘረጋ።

አንዱን እንቁላል መስኮቱ ሥር ካለው ብረት ላይ መታሁት። ቅርፊቱን በዝግታ ላጥሁት፤ ልጁን እንደሚያጥብ ሰው ተጠንቅቄ ላጥሁት። ሚጥሚጣው ላይ አንከባለልሁት፤ ዓይኑን እያየሁ በላሁት። ከዚያ ሁለተኛውን ላጥሁ። እሱንም በላሁ። እጁ እንደተዘረጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድግስ ተጠርቻለሁ፤ እንደዚያ እንቁላል የጣመኝ ምግብ የለም። አልጸጸትም።

በማግስቱ ሌላ መኪና መጥቶ ጎተታቸው። ተሳፋሪዎቹ እናቴን እየሳሙ ሄዱ፤ ጥድ በር ግን በአንድ ቀን ድግስ አልዳነችም። አንድ በአንድ ሰው ለቀቀ። እኛም ከመጨረሻዎቹ ጋር፣ ድስቶቻችንን በአህያ ጭነን ወደ ንፋስ መውጫ ተጓዝን። አውቶቡሱ በመንገድ ላይ ከኋላችን መጣ፤ አቧራውን አልብሶን አለፈ። እናቴ የድስቱን ክዳን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መሄዷን ቀጠለች።

ንፋስ መውጫ ውስጥ እናቴ ለረጅም ጊዜ በሰው ቤት ወጥ ሠራች። እኔ ተማርኩ፤ ነገድኩ፤ ሱቅ ከፈትኩ። ጠጠሩ አስፋልት ሆነ። ሚኒባሱ እንደ ንብ መንጋ መጣ፤ ስልክም በየገበሬው ኪስ ገባ። መንገደኛ አንድን አውቶቡስ መጠበቁን ተወ፤ ደውሎ ያስመጣል። ባዘዘው አውቶቡሱ ጋራዥ ቀርቶ እሱም ቤቱ ተቀመጠ ሲሉኝ ሁለት ቀን ሙሉ እየዘፈንኩ ሠራሁ። ዛሬ ከጋይንትም ከስማዳም የማውቃቸው ገበሬዎች ይደውሉልኛል፤ «ድንች ደብረ ታቦር ስንት ዋለ? ባሕር ዳርስ?» ይሉኛል። ሥራዬን ጥዬ ሦስት አራት ቦታ ደውዬ አጣርቼ እነግራቸዋለሁ። ሰው «እንዴት ያለሽ ደግ ሴት ነሽ» ይለኛል። ደግነት አይደለም። ገበሬ ሁሉ ከአንድ ሾፌር አፍ ወሬ ጠብቆ የሚኖርበት ዘመን እንዳይመለስ የምከፍለው የቂሜ ዐሥራት ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ጓዳ ገብቼ «እማዬ፣ ባዘዘው ሞተ» ስላት እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።

«ለቅሶ እንደርሳለን» አለች።

«ለሱ ልታለቅሽ?»

«ማን አለቅሳለሁ አለሽ? ልበላ ነው። ስንት ዓመት ከቤቴ በልቷል፤ እኔ አንድ ቀን ከቤቱ ብበላ ማን ይከለክለኛል?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሚኒባስ ላይ ተሰቀለች። ደብረ ታቦር ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እናቴ ዓይኗን እንኳ አላሸችም። እንጀራና ክክ ወጥ ሲቀርብላት በቀስታ፣ ልክ የኔታ ይበሉ እንደነበረው እየዳሰሰች በላች፤ ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብላ «ጨው አንሶታል፤ ክኩም አልተቆላ» አለችኝ። ደስታዋን ለመደበቅ አፏን በነጠላ ሸፈነች፤ ሌላው ሰው የምታለቅስ መሰለው።

የባዘዘው ሚስት እንግዳውን ሁሉ እየዞሩ ሲያመሰግኑ እኛ ዘንድ ደረሱ። ቀጭን አሮጊት ናቸው። «የማን ወገን ናችሁ፣ እናቴ? አላወቅኋችሁም» አሉ።

«ወገን አይደለሁም። አንጓች እባላለሁ፤ የጥድ በሯ» አለች እናቴ። የመጣችው ለዚህ ነበር፤ ስሟን እዚያ ቤት ውስጥ ልትጥል።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። አጠገቧ ዝቅ ብለው ተቀመጡና ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ። «አንቺ ነሽ! ሳላውቅሽ ስንት ዘመን ጠላሁሽ! ምን ብሠራለት፣ ባቄላውን ብቆላው ብፈጨው፣ አንድ ጉርሻ ይቀምስና ‹የጥድ በሯ ሴትዮ እንዲህ አታደርገውም› ይለኛል። ከመንገድ መጥቶም፣ ቤት ከዋለም በኋላ፣ አልጋ ላይ ወድቆም እንኳ። እህል ሳይጥመው ነው የሞተው።»

እናቴ «ታዲያ ለምን አልቆመም?» አለች፤ ድምጿ የሕፃን ሆኖ።

«ያ ሁሉ ሰው ስቆበት እንዴት አድርጎ ይቁም?» አሉ ሴትዮዋ። «ቢቆም ሳቁን እንደገና የሚሰማ ይመስለው ነበር። ወንድ አይደል፤ ረሃቡን መረጠ።»

ስንነሳ ሴትዮዋ እናቴን ጉንጯን ሳሟት፤ እናቴም ሳመቻቸው፤ ክኩ እንዴት እንደሚቆላ ግን አልነገረቻቸውም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔ በደስታ ሰክሬ ነበር። «ሰማሽ? ተርቦ ነው የኖረው! ዕድሜውን ሙሉ ተርቦ!» እላታለሁ። እሷ ውጭ ውጭውን ታያለች። አስፋልቱ ወደ ጉና ወጣ፤ በሁለቱ ኮረብቶች መካከል ገባ። ኮረብታው በማሽን ተቆርጦ መንገዱ ተቀንቷል፤ መታጠፊያዋ የለችም። ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ባሕር ዛፍ በቅሏል። የቀሩት የደብሩ ጥዶች ብቻ ናቸው፤ ደብሩም ቀዳሽ እያጣ በብዙ እሑድ ተዘግቶ ይውላል አሉ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ስልክ እያወራ ይነዳል። ከተሳፋሪው ውስጥ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ ምንስ አለና ያያል? ይማም የት እንደደረሰ አናውቅም፤ የኔታ አርፈዋል፤ በመስኮት ሥር አብረውኝ የተጋፉት ልጆች በየአገሩ ተበትነዋል። ጥድ በር ላይ ምሳ መብላት ምን ይመስል እንደነበር በየቀኑ፣ በየጉርሻው የሚያስታውስ ከእኛ ሌላ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ እሱን ደግሞ ስንጠላው ኖረን አሁን ሞተ።

ይህን ሳስብ ደስታዬ አፌ ላይ ቀዘቀዘ። ዞር ስል የእናቴ ጉንጭ ርሷል። መሐረቤን ሰጠኋት። ጥዶቹ ከኋላችን ሲሰወሩ ዓይኗን ጠርጋ ቆጣ ብላ አየችኝ።

«ለሱ እንዳይመስልሽ» አለችኝ።